ኮሜዲ ወይስ ድራማ? ለተራ ተመልካች የቀረበ የፊልም ምርጫ መመሪያ

በእረፍት ቀን ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር ፊልም ለማየት የተስማማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው ፊልም አጥቶ ሳይሆን ከብዙዎቹ አንዱን መምረጥ አቅቶት ነው። በሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተለጠፉት ፖስተሮች የሚስቁና የሚያለቅሱ ፊቶችን ጎን ለጎን ደርድረዋል፤ በዩቲዩብ የሚጫነው ፊልም ሁሉ «አዲስ» ተብሏል፤ ምክር የተጠየቀው ወዳጅም «በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ ያልፋል እንጂ ለማን፣ የትና በምን ሁኔታ ቢታይ ቆንጆ እንደሚሆን አያብራራም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእንዲህ ዓይነቱ ተመልካች ነው፤ ጸሐፊውም የፊልም ባለሙያ ሳይሆን ቲኬት እየገዛ፣ አንዳንዴም በሶፋው ላይ ተጋድሞ የሚያይ ተራ ተመልካች ነው።

ከመነሻው አንድ አቋሜን ልግለጽ። ብዙዎቻችን ቁም ነገር ያለው ድራማ ለቲኬት የሚወጣ ገንዘብ ይገባዋል፣ ኮሜዲ ግን ቆይቶ በስልክም ሆነ በቴሌቪዥን ቢታይ ምንም አይጎድልበትም ብለን እንመርጣለን። እኔ ደግሞ በአመዛኙ ተቃራኒው ትክክል ነው እላለሁ። አዳራሽና ብዙ ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ኮሜዲ ነው፤ ድራማ ግን፣ በኋላ ከማነሣቸው ጥቂት ዓይነቶች በስተቀር፣ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ የበለጠ ይናገራል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ይህ ሐሳብ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ያሳያል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ አብሮ ተመልካቹ ነው። አንድ ፊልም ለብቻ ሲታይ፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር ሲታይና አያት፣ አጎትና ሕፃናት በተቀመጡበት ሳሎን ሲታይ ሦስት የተለያዩ ፊልሞችን ይሆናል። በተለይ በእኛ ቤት አንድ ያልታሰበ የመሳሳም ትዕይንት ሳሎኑን በሙሉ ዝም ሊያሰኘውና አንዱን ውኃ ሊያስቀዳ፣ ሌላውን ስልኩን ሊያስነካካ ስለሚችል፣ ከታሪኩ ጥራት በፊት ይህን ማጣራት ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ቦታው ነው፦ ሲኒማ ቤት፣ የሳሎን ቴሌቪዥን ወይስ ስልክ? ሦስተኛው ርዝመቱና የተመልካቹ ድካም ነው። ከሥራ ውሎ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚጀመር የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም፣ ምንም ያህል ድንቅ ቢሆን፣ ከእንቅልፍ ጋር መታገሉ አይቀርም።

አራተኛው ቋንቋ ሲሆን፣ በውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች ከሁሉም ይቀድማል። የፊልሙ ኃይል ያለው በንግግሩ ነው ወይስ በምስሉ? ልጁ አማርኛውን በግማሽ የሚሰማ ከሆነ የትርጉም ጽሑፍ ታሪኩን ያደርስለታል፤ ቀልዱን ግን ብዙ ጊዜ አያደርስለትም።

አምስተኛው ዕድሜ ነው፤ የተመልካቹ ሳይሆን የፊልሙ። ድራማ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቆይቶም ይነካል። በወቅታዊ ወሬ፣ በሰፈር ዘዬና በጊዜው ፋሽን ላይ የተሠራ ኮሜዲ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊደበዝዝ ስለሚችል ለነገ ማቆየት ያስቀጣል።

ወጪን ስድስተኛ አድርጌ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ የቲኬቱ ዋጋ ከትራንስፖርቱ፣ ከፈንዲሻውና ከለስላሳው ጋር ሲደመር የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ስለሚሆን፣ ትክክለኛው ጥያቄ «ቲኬቱ ስንት ነው?» ሳይሆን «ይህ ፊልም ከቤት መውጣትን ይጠይቃል ወይ?» የሚለው ስለሆነ ነው።

ስለ ዘውግ ስያሜዎች አንድ ማስጠንቀቂያ

ከማወዳደራችን በፊት «ኮሜዲ» እና «ድራማ» የሚሉት ስያሜዎች የገበያ ስያሜዎች መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለዚህ ከሁሉ የሚገርመው ምሳሌ የመጣው ከሆሊውድ ነው። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ጠፈርተኛ በሕይወት ለመቆየት የሚያደርገውን ትግል የሚተርከው «ዘ ማርሺያን»፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በተካሄደው የጎልደን ግሎብ ሽልማት ያሸነፈው በ«ኮሜዲ ወይም ሙዚቃዊ» ዘርፍ ነው። የፊልሙ ባለቤቶች ፉክክሩ በሚቀልበት በር ገቡ ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። ስያሜውን ብቻ አይቶ ሆዱን ይዞ ሊስቅ የገባ ተመልካች ግን ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

በአማርኛ ፊልም ዙሪያ የተለመዱት አጠራሮች ከዚህ የተሻለ ይጠቅማሉ። «የፍቅር ፊልም»፣ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም»፣ «የቤተሰብ ፊልም» እና «ልብ አንጠልጣይ» ሲባል ተመልካቹ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚጠብቀው በአመዛኙ ይገባዋል። ይሁን እንጂ «የቤተሰብ ፊልም» ማለት ሁልጊዜ «ከቤተሰብ ጋር የሚታይ» ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ስለ ቤተሰብ፣ ያውም ስለ ተለያየ፣ ስለ ተካካደና ስለ ተጠፋፋ ቤተሰብ የሚተርክ ከባድ ድራማ ሊሆን ይችላል።

ኮሜዲ በመመዘኛዎቹ ሲታይ

ሳቅ ተላላፊ ነው። ብቻውን ሆኖ ፈገግ ብሎ የሚያልፈውን ቀልድ ሰው ሁለት መቶ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ሲሰማው ከወንበሩ እስኪንሸራተት ይስቅበታል። የቀልዱ ጥራት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአዳራሹ ሙቀት ነው። ለዚህም ነው ኮሜዲን ለስልክ ማስቀረት ዋናውን ነገር መጣል ነው የምለው። በአዲስ አበባ አዳራሾች ደግሞ ተመልካቹ ራሱ የትዕይንቱ አካል ይሆናል። ከኋላ ወንበር የሚወረወር አንድ አስተያየት ከፊልሙ ቀልድ በላይ አዳራሹን የሚያናጋበት ጊዜ አለ። በድራማ መሀል ይህ ያናድዳል፤ በኮሜዲ መሀል ግን የተከፈለበት መዝናኛ ማሟያ ነው።

ኮሜዲ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ለምርጫ እንዲመች በሦስት እከፍለዋለሁ።

አስቂኝ የፍቅር ፊልም በአማርኛ ሲኒማ ሰፊውን ቦታ የያዘው ዓይነት ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ፣ በዲጂታል ካሜራ መቅረጽ ቀላል እየሆነ ሲመጣና የአገር ውስጥ ፊልሞች የሲኒማ አዳራሾችን መሙላት ሲጀምሩ፣ ይህ ዘውግ በፍጥነት ተስፋፋ። በዚያው ጊዜ የወጣው «የወንዶች ጉዳይ» ስለዚህ ዘውግ ሲነሣ እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል። መሠረታዊው አካሄድ የታወቀ ነው፦ የኑሮ ደረጃቸው የማይገናኝ ወንድና ሴት ይገጣጠማሉ፣ በመካከል ውሸት ይገባል፣ ውሸቱን የሚያባብስ አንድ ቀልደኛ ጓደኛ አይጠፋም፣ መጨረሻው ላይ እርቅ ወይም ሠርግ አለ። ተቺዎች ይህን መደጋገም ይነቅፋሉ፤ ነቀፋቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ለተራ ተመልካች መደጋገሙ ራሱ ዋስትና የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ከእጮኛው ወይም ከእናቱ ጋር የሚገባ ሰው የሚፈልገው እንዳይደነግጥ ነው። ድክመቱ ያለው ርዝመቱ ላይ ነው። በዘጠና ደቂቃ ሊያልቅ የሚችል ታሪክ ሁለት ሰዓት እንዲሞላ ሲባል በዘፈን ታጅቦ የሚታይ የመኪና ጉዞና በካፌ ውስጥ የሚደጋገም ውይይት ይጨመርበታል። እንዲህ ያለውን ክፍል ቤት ውስጥ የሚያይ ሰው ወደፊት ያሳልፈዋል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ፈንዲሻ ለመግዛት መውጫ ሰዓት አድርጎ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሁለተኛው በአካል እንቅስቃሴ የሚያስቅ ኮሜዲ ነው። እዚህ ላይ ከቻርሊ ቻፕሊን የበለጠ አስተማማኝ ምርጫ አላውቅም። «ሲቲ ላይትስ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1931፣ «ሞደርን ታይምስ» ደግሞ በ1936 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ፊልም መናገር ከጀመረ ዓመታት ቢያልፉም ቻፕሊን ሆን ብሎ ገጸ ባሕሪውን ሳያናግር አቆይቶታል። ሁለቱም ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይርቁም። አማርኛ ብቻ የሚሰሙ አያትና እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ ብቻ የሚቀላቸው የልጅ ልጆች በአንድ ሳሎን ሲገናኙ፣ ሁሉንም በእኩል ሰዓት የሚያስቅ ፊልም ከዚህ ውጪ ማግኘት ከባድ ነው። በፋብሪካ ውስጥ የሚመግበው ማሽን ያበደበት ሠራተኛ ትርጉም አያስፈልገውም። ዕድሜን በተመለከተ የተናገርኩትም እዚህ ላይ ልዩነት አለው፦ በአነጋገር የሚያስቅ ያረጃል፤ በአካል የሚያስቅ ብዙም አያረጅም።

ሦስተኛው ሽሙጥ ያለበት፣ ባለሥልጣንንና የኅብረተሰብን ግብዝነት የሚነካ ኮሜዲ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተደረሰው የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን ራሱ አውሬዎችን እያናገረ የዘመኑን አስተዳደር የሚተች ኮሜዲ ነበር፤ ሹማምንቱንም አላስደሰተም። በፊልም ግን ይህ ዓይነት ከመድረክ ቀልድና ከቴሌቪዥን አጫጭር ጭውውቶች ያነሰ ነው። ሲገኝ በጊዜው ማየት ይመረጣል፤ የሚያሽሟጥጠው ጉዳይ ከተረሳ ሽሙጡም ይረሳልና።

ድራማ በመመዘኛዎቹ ሲታይ

ድራማ ከተመልካቹ ትኩረት ይጠይቃል፤ ትኩረት ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል። የአዳራሽ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። ከፊት የሚበራ የስልክ መብራት፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው፣ በለቅሶ ትዕይንት መሀል የሚሰማ የማይገባ ሳቅ የኮሜዲን ሰዓት አያበላሹም፤ የድራማን ግን ያበላሻሉ። በአንዳንድ የአገር ውስጥ ፊልሞች የድምፅ ቅጂው ደካማ ሲሆን ደግሞ በሹክሹክታ የተነገረው ዋናው ሚስጥር ጭራሽ ሳይሰማ ያልፋል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው መልሶ ያዳምጠዋል።

በተጨማሪም ተመልካቹ በሕዝብ ፊት ማልቀስ የማይወድ ሰው ሊሆን ይችላል። ብዙ ወንዶቻችን ከዚህ ወገን ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አዳራሽ ውስጥ ጉሮሮውን እየጠራረገ ከራሱ ጋር ሲታገል ፊልሙ ያመልጠዋል።

የድራማ ዓይነቶች ከኮሜዲ ይልቅ እርስ በርሳቸው ስለሚራራቁ አንድ በአንድ ማየቱ የተሻለ ነው።

የቤተሰብ ድራማ፣ ማለትም የጠፋ አባት፣ የተደበቀ ልደት፣ የእንጀራ እናት፣ የውርስ ጠብ የሚታይበት ዓይነት፣ ለሳሎን የተፈጠረ ነው። እናቶች፣ አክስቶችና ጎረቤቶች በቡና ሰዓት አብረው እያዩት፣ ጥፋተኛውን በስሙ እየጠሩ እየወቀሱት ሲሆን ነው የሚጥመው። ለዚህ ፍላጎት ግን ከፊልም ይልቅ ተከታታይ ድራማ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ገጸ ባሕሪው በሁለት ሰዓት ውስጥ ከክፉ ወደ ደግ ሲለወጥ የማያሳምነን ነገር በሠላሳ ክፍል ሲከናወን ያሳምነናል። የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማዎች ተመልካች የበዛው አለምክንያት አይደለም።

በማኅበራዊ ጉዳይ ላይ የተሠራ ድራማ ሁለተኛው ነው። እዚህ ላይ «ድፍረት» ጥሩ መለኪያ ይሆነናል። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው ይህ ፊልም በጠለፋ የተወሰደች የ14 ዓመት ልጅንና ጉዳይዋን የያዘችውን የሕግ ባለሙያ ይከተላል፤ መነሻውም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በእርግጥ የተካሄደ ክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል በዓለም ሲኒማ ድራማ ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የሚታየው ርዝመት ከሁለት ሰዓት በታች ስለሆነ አያደክምም፤ ግን ቀላል ፊልም አይደለም። ዕድሜያቸው ከፍ ካሉ ልጆች ጋር፣ በተለይ ከሴት ልጅ ጋር፣ አብሮ አይቶ ለመነጋገር የሚመረጥ ነው፤ ለበዓል ምሽት ግን አይመረጥም። የዚህ ዓይነት ፊልም ዋና አደጋ ታሪክ መሆኑን ረስቶ ስብከት መሆኑ ነው። ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ ከመነጋገር ይልቅ ለተመልካቹ መግለጫ መስጠት ከጀመሩ፣ ጉዳዩ ምንም ያህል የከበደ ቢሆን ሰዓቱ አይገፋም።

ሦስተኛው፣ የቀደመውን ደንቤን የሚያፈርሰው ዓይነት፣ በምስልና በድምፅ የሚናገር ድራማ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1974 የለውጡ ማዕበል በተነሣበት ጊዜ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ሲሆን፣ በባለርስት ሥር የሚኖር የገበሬ ቤተሰብን ኑሮ ያሳያል። ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ በስልክ ያየው ሰው «ምንም አይፈጠርበትም» ቢል አልፈርድበትም። በትልቅ ሸራ ላይ ያየው ግን በማሳው ላይ የሚንቀሳቀሱት ትንንሽ ሰዎች ለምን ትንንሽ ሆነው እንደተቀረጹ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። የዚሁ ዳይሬክተር «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመትም ቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ላይ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። በጀርመን ተምሮ የተመለሰ ምሁር በደርግ ዘመን የሚያጋጥመውን ይተርካል፤ ጊዜው ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ ስለሚሄድ ነቅቶ መከታተል ያስፈልጋል። ያንን ዘመን በእድሜያቸው ያሳለፉ ወላጆችን ይዞ የሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ ቢያማክራቸው ይሻላል፤ ለአንዳንዶቹ ያለፈ ታሪክ አይደለምና።

ከእነዚህ ጋር የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል «አን ሰርቴን ርጋርድ» በሚባለው ክፍል የታየ ሲሆን፣ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱን ያጣ ልጅ ከበጉ ጋር ወደ ዘመዶቹ ቤት ሲላክ የሚሆነውን ያሳያል፤ ልጁ ወጥ መሥራት የሚወድ መሆኑ በዘመዶቹ ዘንድ የሚያስነሣው ቁጣም ፊልሙን ለስለስ ያለ ፈገግታ ይሰጠዋል። ከሦስቱ አጭሩና ለልጆችም የሚቀርበው ይህ ነው፤ ድራማ አይቶ ለማያውቅ ልጅ መጀመሪያ ይህን አስቀድማለሁ።

ከውጭዎቹ ውስጥ ለቤት የሚሆን አንድ ብጠየቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በጣሊያን የተሠራውን የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» እመርጣለሁ። ሥራውን ለመሥራት ብስክሌት የሚያስፈልገው አባት ብስክሌቱ ሲሰረቅበት ትንሹን ልጁን ይዞ ሮምን ሲያስስ ይውላል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ሥራ ፍለጋ ከተማ የዞረ ማንኛውም ሰው ያለ ታሪክ መምህር ይረዳዋል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ይወስዳል።

ሁለቱን ያጣመሩ ፊልሞች

ብዙ ተመልካች «ድራማም አይሁን፣ ዝም ብሎ ቀልድም አይሁን» ሲል የሚፈልገው ይህንን ነው። ሆኖም ለመሳሳት ከሁሉም የሚቀለው ይህ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ፖስተሩ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የሮቤርቶ ቤኒኒ «ላይፍ ኢዝ ቢዩቲፉል» በመጀመሪያው አጋማሽ ከልብ የሚያስቅ የፍቅር ኮሜዲ ሆኖ፣ በሁለተኛው አጋማሽ አባት ልጁን በናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ በጨዋታ እያታለለ ለማዳን የሚታገልበት ፊልም ይሆናል። የደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት»፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከእንግሊዝኛ ውጪ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ የምርጥ ፊልም ኦስካርን ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው፣ በብልጠት የሚያስቅ የድሃ ቤተሰብ ታሪክ ሆኖ ጀምሮ ደም ወዳለበት መጨረሻ ይሄዳል። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ ሁለቱንም ግን «ኮሜዲ ነው» ተብሎ ከተነገረው ሰው ጋር ማየት አብሮ ተመልካቹን ማስቀየም ነው።

የአማርኛው ድብልቅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒ መንገድ ይሄዳል፦ ከባዱ ታሪክ መሀል ላይ አንድ ዘበኛ፣ አንድ የቤት ሠራተኛ ወይም አንድ ደላላ ለማሳቅ ብቻ ገብቶ ይወጣል። ይህ ሲሳካ ተመልካቹን ያሳርፋል። ካልተሳካ ግን የሁለት ፊልሞች ቁርጥራጭ የተሰፋበት ይመስላል፤ በዚያ ላይ ቀልዱ በገጠር ሰው አነጋገር ወይም በቤት ሠራተኛ ድህነት ላይ ብቻ ከተመሠረተ እኔ በበኩሌ አልስቅም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| የፊልሙ ዓይነት | የሚመረጠው ቦታ | ከማን ጋር | የትርጉም ጽሑፍ ይበቃዋል? | ቢቆይ ያረጃል? |
|---|---|---|---|---|
| አስቂኝ የፍቅር ፊልም | አዳራሽ፣ በተለይ በሰንበትና በበዓል ሰሞን | እጮኛ፣ ጓደኞች፣ ወላጅ | በከፊል | አዎ |
| የአካል እንቅስቃሴ ኮሜዲ | የትም | መላው ቤተሰብ | አያስፈልገውም | እምብዛም |
| ሽሙጥ ያለበት ኮሜዲ | አዳራሽ | ጓደኞች | በጣም በጥቂቱ | በፍጥነት |
| የቤተሰብ ድራማ | ሳሎን | እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት | አዎ | በዝግታ |
| የማኅበራዊ ጉዳይ ድራማ | ቤት፣ ውይይት ባለበት | ከፍ ያሉ ልጆች፣ የትዳር ጓደኛ | አዎ | ጉዳዩ እስካለ አያረጅም |
| በምስል የሚናገር ድራማ | ትልቅ ሸራ | ብቻ ወይም ፊልም ወዳድ ጓደኛ | አዎ | አያረጅም |
| ድብልቅ | ቤት፣ አስቀድሞ ተጣርቶ | የሁለቱንም ስሜት የሚችል ሰው | በአብዛኛው | እንደ ቀልዱ |

እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ

በወር አንድ ጊዜ ብቻ ሲኒማ ቤት የመግባት አቅም ያለው ሰው ያንን አንድ ቲኬት ለአዲስ ኮሜዲ ቢያውለው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥና አዳራሹ በሚሞላበት ቀን ቢሄድ ይሻለዋል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በርከት ያለ ወንበር ባዶ በሆነበት አዳራሽ የታየ ኮሜዲ፣ ቤት ውስጥ ከታየው ብዙም አይለይም። ድራማውን ግን ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ዩቲዩብ እስኪመጣ መጠበቅ የሚያጎድለው ጥቂት ነው። በፌስቲቫል ወይም በባህል ተቋም አዳራሽ ከቀደምት ፊልሞች አንዱ በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ሲታይ ብቻ ይህን ተራ ገልብጦ ለድራማው ቅድሚያ መስጠት ነው፤ እንዲህ ያለው ዕድል ቶሎ አይደገምም።

ምንም ማውጣት የማይፈልግ ሰው በዩቲዩብ ሲያስስ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ ፊልሙን የጫነው የፊልሙ ባለቤት ወይም ፈቃድ ያለው አከፋፋይ መሆኑን ይመልከት፤ ሌላ ሰው የጫነው ቅጂ ብዙ ጊዜ የተቆራረጠና ድምፁ የተበላሸ ከመሆኑም በላይ ለሠሪዎቹ የሚያስገባው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ አይቶ አይወስን። የአማርኛ ድራማ መግቢያው ረዥም መሆኑ የተለመደ ስለሆነ፣ ከመሀል አንድ የንግግር ትዕይንት መርጦ ድምፁንና ትወናውን መመርመር የበለጠ ይነግረዋል። ለኮሜዲ ግን ተቃራኒው ይሠራል፤ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ያላሳቀ ኮሜዲ ኋላ ላይ ሲያስቅ ያጋጠመኝ እምብዛም ነው።

የማስታወቂያ ቅንጭብን በተመለከተም እንዲሁ ነው። የኮሜዲ ቅንጭብ ምርጥ ቀልዶቹን አስቀድሞ ስለሚያወጣቸው፣ ሊሄድ የወሰነ ሰው ባያየው ይመረጣል። የድራማ ቅንጭብ ግን የትወናውን ደረጃ ስለሚያሳይ ማየቱ ይጠቅማል። «እንባችሁን አዘጋጁ» የሚል ጽሑፍ የሚደጋግምን ቅንጭብ ግን በጥርጣሬ እመለከተዋለሁ።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አማርኛ እንዲሰማ ብለው በቀልድ ይጀምራሉ፤ ልጁም ሌሎቹ ሲስቁ እርሱ ሳይገባው ሲቀር ከሳሎኑ ይወጣል። በዚህ ፈንታ እንደ «ላምብ» ያለ፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ምስሉ ብዙ የሆነ ድራማ ማስቀደም ይሻላል። ቀልዱ ቋንቋው ጆሮው ከገባ በኋላ ይደርሳል። ማኅበረሰቡ አዳራሽ ተከራይቶ አዲስ የአማርኛ ኮሜዲ በሚያሳይበት ቀን ግን ልጁን ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ ቃሉ ባይገባው እንኳ ሳቁ ይጋባበታል።

በዓረብ አገራት በሰው ቤት የሚሠሩና ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ በስልክ ብቻ የሚያዩ እህቶች ሁኔታቸው የተለየ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያገኙበት ቀን ጥቂት ነው፤ የሚያዩትም ብቻቸውን፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ለእነርሱ በየግማሽ ሰዓቱ የሚያልቅ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከሙሉ ፊልም ይመቻል፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ታሪኩም አብሮ ስለሚያልቅ እንቅልፍን አይሻማም። ስለ ስደትና ስለ ናፍቆት የተሠሩ ከባድ ድራማዎችን በእንዲህ ያለ ሰዓት «ይህንን እይው» ብሎ ከአገር ቤት መላክ ግን አልመክርም፤ ለዚያ ፊልም የዕረፍት ቀንና አብሮ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ስምምነት ያጣ ሳሎን ሲያጋጥም፣ አንዱ ኮሜዲ ሌላው ድራማ ሲል፣ ድብልቅ መፈለግ አስታራቂ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱንም ያስኮርፋል። የተሻለው መንገድ አጭሩን ድራማ አስቀድሞ፣ በመሀል ቡና ተጠጥቶ፣ ከዚያ ኮሜዲውን ማስከተል ነው። ተቃራኒው ቅደም ተከተል አይሠራም፤ ስቆ የጨረሰ ሰው ለድራማ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ አስቸጋሪ ነው። ጊዜው ለአንድ ፊልም ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ምርጫው በዕድሜ ለገፋው ሰው ይተው፤ ወጣቶቹ የቀረውን በስልካቸው ሊያዩት ይችላሉ።